ፖስተኛው፣ ልጃቸውና ባለጎማው ቦርሳ

ፖስተኛው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ጀርባቸው እምቢ ያለው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ደብዳቤ በአንድ ትከሻ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሎ ስለቀረ ኮት ሲለብሱ አንዱ እጅጌ ሁልጊዜ ይረዝምባቸዋል። ሥራ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቤት መዋል ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ከመሬት የወደቀ ማንኪያ ሊያነሱ እንዳጎነበሱ እዚያው ቀሩ። ልጃቸው ከወዲያኛው ክፍል ሮጣ መጥታ፣ እንደተጣጠፉ ደግፋ አልጋቸው ላይ በጎን አጋደመቻቸው። ከዚያ ሐኪም፣ ራጅ፣ ኦፕራሲዮን፣ የወገብ መታጠቂያ ተከታተሉ።

ኦፕራሲዮኑ ሠመረ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ «እንደ ልብዎ ይሂዱ፤ መሄድ መድኃኒትዎ ነው። ሸክም የሚባል ነገር ግን ጀርባዎ ላይ እንዳላይ። አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ ቢሆን!» አላቸው።

«ለስኳሩስ አያስቡ» አሉ ፖስተኛው። «እኛ ቤት ስኳር በመርፌ እንጂ በኪሎ አይገባም።»

ሐኪሙ ነገሩ አልገባውም። አጠገባቸው ቆማ የነበረችው ልጃቸው ግን ሳቋን በመሐረብ አፈነች።

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ገና ነፍስ ሳታውቅ እናቷ ስለሞተችባት፣ መርፌ መውጋቱንም፣ ምግብ መለካቱንም፣ ሌሊት ተነስቶ ግንባሯን መዳበሱንም የተማሩት አባቷ ናቸው። ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ ትምህርት ቤት ለሽርሽር ሲወስዳት፣ ኢንሱሊኗ ከፖስተኛው ትከሻ ወርዶ አያውቅም። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ማታ ቤት ስትገባ ቅንድቧ በጄሶ ነጥቶ ስለሚሆን አባቷ፣ «ዛሬም አርጅተሽ መጣሽ?» ይሏታል።

አባትና ልጅ አንድ የጋራ ፍቅር ነበራቸው፤ ተራራ። ዓመት በዓመት ዝናቡ ሲያልፍ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ተራራ በእግራቸው ወጥተው፣ ሸንተረሩ ላይ ካለችው የመንገደኞች ማረፊያ ቤት አድረው ይመለሳሉ። ጀርባቸው ከታመመ ወዲህ ግን ይህ ቀረ። ፖስተኛው መስኮት አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሥራቸው የሳቸውን መንገድ የተረከበውን ወጣት ፖስተኛ ማማት ሆነ። «አየሽው? ደብዳቤውን ግማሹን ውጭ ትቶት ሄደ። ዝናብ ቢመጣስ? ሰው እኮ የሚያነበው ነገር ነው!» ልጅቷ ይህን በሰማች ቁጥር ነገሩ ይገባታል። አባቷ ለደብዳቤው አልነበረም የሚናደዱት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ሻንጣ መሸጫ ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ነገር አየች። እንደ ማንኛውም የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ አለው፤ ከሥሩ ግን ሁለት ጎማ፣ ከላዩ ደግሞ የሚሳብ የብረት እጀታ ተገጥሞለታል። ገባች። ሻጩ ቦርሳውን በአንድ ጣቱ እየገፋ በሱቁ ወለል ላይ አሽከረከረላት። ወለሉ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ነው።

«ድንጋይ ባለበት መንገድስ?» አለችው። «ተራራ?»

«እትዬ፣ ይሄ ቦርሳ እንኳን ተራራ ሰማይ ቤትም ይወጣል» አለ ሻጩ።

ገዝታው ወጣች። እቤት ስታደርሰው ፖስተኛው መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ከዚያ እጀታውን ሳብ አደረጉና ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ኩሽና ይዘውት ዞሩ። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ሲያንገራግር «ና፣ ና፣ አይዞህ» እያሉት አሻገሩት። ብዙ ጊዜ ያልታየ ቀለም ፊታቸው ላይ መጣ።

«እንደ ውሻ ይከተላል!» አሉ። «እንግዲህ ዘንድሮ እንወጣለን ማለት ነው?»

«እንወጣለን አባዬ።»

ዕቃ ሲጫን ክርክር የተነሳው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጅቷ መድኃኒቱን ከራሷ ዕቃ ጋር ልትከት ስትል ፖስተኛው እጇን ያዙ። «እሱ እኔ ጋ ነው የሚሆነው። መቼ ነው አንቺ ጋ ሆኖ የሚያውቀው?» አሏት። አልተከራከረችም። ሁለቱን የኢንሱሊን ብልቃጦች በሱፍ ካልሲ ጠቅልለው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ለቅልቀው በደፉበት አሮጌ ፔርሙዝ ውስጥ ከተው፣ ፔርሙዙን በባለጎማው ቦርሳ የላይኛው ኪስ ውስጥ አቆሙት። ዚፑን ዘግተው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ ድሮው።

በማግስቱ በጠዋት አውቶቡስ ይዘው የተራራው ግርጌ ወረዱ። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ያማረ ነበር። ከፌርማታው እስከ መንገዱ መግቢያ ያለው አስፋልት ላይ ቦርሳው ኮሽ ሳይል ተንሸራተተ። ከአስፋልቱ ቀጥሎ ያለው የጠጠር መንገድ ላይ ትንሽ ጫጫታ አበዛ እንጂ መሄዱንስ ሄደ። ፖስተኛው ከፊት ሆነው ደረታቸውን ነፍተው ይራመዳሉ፤ ልጅቷ የራሷን ቦርሳ በጀርባዋ አድርጋ ትከተላቸዋለች። አየሩ ደስ ይላል። ሣሩ ገና አልደረቀም።

ዛፎቹ አልቀው ድንጋዩ ሲጀምር ነው ነገር የመጣው።

እዚያ መንገድ ላይ ድንጋዩ የተነጠፈ አይደለም፤ የተበተነ ነው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል፤ ቦርሳው ይጋደልና በጎኑ ይወድቃል። ያነሱታል። ጥቂት እንደሄደ እንደገና ይገለበጣል። የሁለቱ ድንጋዮች መሐል ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን እዚያ ይሰነቀርና፣ የሚጎትተው ሰው ክንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ምንጭ የሚያቋርጡበት ረግረግ ላይ ሲደርሱ ጭቃው ጎማዎቹን ጠቅልሎ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ጎማዎቹ መዞሩን ትተው እንደ ሁለት እግር መጎተት ጀመሩ።

ፖስተኛው ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያቀያየሩ ሳቡት። በሳቡ ቁጥር ወገባቸው ይጠማዘዛል፤ የተሰፋው ቦታ ቆንጠጥ ያደርጋቸዋል። ግን ትንፍሽ አላሉም። ልጃቸው ከሥራ በኋላ ደክሟት ሳለ፣ ለሳቸው ብላ ሱቅ ገብታ እንደገዛችው ነው የሚያስቡት። እንዴት ብለው «አልሠራም» ይሏታል?

«እንዴት ነው አባዬ?» አለች ከኋላ።

«ቅቤ ነው!» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ልጅቷ ግን ዕውር አይደለችም። የአባቷ አንገት ሥር ተገትሯል፤ ያ ዝቅ ያለው ትከሻ ጭራሹን ወርዷል። «ልያዝልህ» ብትላቸው «ታዲያ ጎማው ለምን ተገዛ?» ብለው እንደሚቀየሙ ታውቃለች። ደግሞስ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏቸው ያየቻቸው ዛሬ አይደል? ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ቦርሳው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቀረብ ትልና፣ ጎንበስ ብላ ከታች በእጇ ቀና ታደርገዋለች። ጎማው ድንጋዩን ዘሎ ያልፋል። እሳቸው ዞር ሊሉ ሲሉ እጇን ትመልስና ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«አየሽ!» አሉ ፖስተኛው ሸክማቸው ድንገት ሲቀልላቸው። «መንገዱን እየለመደ መጣ!»

«እውነትህን ነው» አለች፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።

እንዲህ እየተሸዋወዱ ብዙ ወጡ። አባት ልጅ እንዳይከፋት፣ ልጅ አባት እንዳይከፋቸው፣ ሁለቱም የወገባቸውን ሕመም ዋጥ አድርገው። አንዲት ገደላማ ቦታ ላይ እንኳ ልጅቷ «እስቲ እንደ ጀርባ ቦርሳም ይሠራል ብሏል ሻጩ፣ ልሞክረው» ብላ አዘለችው። የራሷን ከፊት፣ ባለጎማውን ከኋላ አድርጋ። ብረቱ አከርካሪዋን ወጋት፤ የጎማው ጭቃ ሹራቧ ላይ ተለቀለቀ፤ ባዶውን እንኳ ቢሆን የብረቱና የጎማው ክብደት ሌላ ሰው ያዘለች ያህል ነበር። ከገደሉ እንደወጣች አወረደችው።

«ምቹ ነው» አለች።

ቀትር አልፎ ፀሐይ ጋደል ስትል መንገዱ ከሚታጠፍበት አንድ ሜዳ ቢጤ ደረሱ። ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ጥላ አለው። ፖስተኛው ቦርሳውን አቆሙና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ምንጭ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ጎማዎቹ ለቀረው ዳገት እንዲሄዱ ብላ ጭቃቸውን በእንጨት ፍቃ አጽድታቸው ነበር።

ቦርሳው የቆመበት ቦታ ሜዳ ይመስል እንጂ ሜዳ አልነበረም።

ፖስተኛው ሰምተውት ነው ዓይናቸውን የገለጡት፤ ጠጠር ስትንኮሻኮሽ። ቦርሳው መጀመሪያ እንደማሰብ ብሎ በቀስታ ተንቀሳቀሰ። «ኧረ!» ብለው ብድግ አሉ። ሽቅብ ሲስቡት ቀኑን ሙሉ እንደ ግትር አህያ ያለፋቸው ጎማ፣ ቁልቁለት ሲያገኝ ፈረስ ሆነ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እጀታውን በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ከዚያ ወገባቸው ቀጨም አድርጎ ያዛቸው። ቦርሳው ከመንገዱ ጠርዝ ዘሎ፣ አንድ ጊዜ ነጥሮ፣ ሁለተኛ ነጥሮ፣ ከቁጥቋጦው በታች ተሰወረ።

ለአንድ አፍታ ምንም አልተሰማም።

ቀጥሎ ከታች የሰው ጩኸት መጣ። የወንድ ጩኸት ነው፤ «ኡ! ኡኡ! ወይኔ!» የሚል። ከዚያ ፀጥ አለ።

ልጅቷ የውኃ ኮዳውን ጥላ ስትመጣ አባቷ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ፊታቸው እንደሷ ጄሶ ነጥቷል።

«ሰው ገደልኩ» አሉ።

«የታለ? ምን ሆነ?»

«ቦርሳው... ተንከባሎ ሄደ። ሰው መታ። ጩኸቱን አልሰማሽም? ከዚያ ፀጥ አለ እኮ! ፀጥ አለ!»

«እዚህ ቁጭ በል፣ እኔ ወርጄ ልይ።»

«ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው? እኔ ነኝ ያቆምኩት!»

ክንዳቸውን ያዘችና በመጡበት መንገድ ተያይዘው ወረዱ። መንገዱ ገደሉን እየዞረ ስለሚወርድ፣ ያቺ ቦርሳው በቅጽበት የደረሰባት ቦታ ለእነሱ ሩቅ ነበረች። ፖስተኛው በዚያች መንገድ ላይ ያሰቡትን ሁሉ ሰው አያስብ። አንድ አባወራ ግንባሩን ተመትቶ ወድቆ ታያቸው። ልጆቹ ታዩአቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ያንኳኩ ሰው ናቸው፤ በር ሲከፈት ክፉ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቁታል። «አምላኬ፣ ሰውዬውን ብቻ አትርፍልኝ» ይላሉ በለሆሳስ፤ «ሌላ አልጠይቅህም።»

መንገዱ ሲታጠፍ ሌላ ድምፅ ሰሙ። የሴት ድምፅ ነው። ፖስተኛው ቆም አሉ። «እያለቀሰች ነው» አሉ።

ልጅቷ አዳመጠች። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሳቅ ነው።»

ሳቅ ነበር። አንዲት ወፍራም ሴት መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ሁለቱን ስታይ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም። በእጇ ብቻ ወደ ቁጥቋጦው አመለከተቻቸው።

«ሰው ተጎዳ ወይ እመቤቴ?» አሉ ፖስተኛው።

ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ቀበቶው መሬት ይጎትታል። ሙሉ ሰው ነው፤ ደም የለበትም፤ ከኮፍያው መጣመም በቀር ምንም አልሆነም።

«የማን ነው ያ ነገር?» አለ።

«የኔ ነው ወንድሜ። የኔ ነው። መታህ? የት ላይ?»

«አልመታኝም! ግን አባባ፣ ሰው እንዲህ ቁጭ ባለበት ሰዓት ከሰማይ ዕቃ ይላካል? አውሬ መሰለኝ እኮ! ቁጥቋጦውን ሰብሮ መጥቶ እፊቴ ቆመ። ሁለት ዓይን ያለው መሰለኝ፤ ለካ ጎማ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አለች ሚስቱ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ፣ ይሄ ሰውዬ እዛው ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ አንስቷል። ለቦርሳ እጅ ሰጠ!» አለችና እንደገና በሳቅ ወደቀች።

ፖስተኛው ያንን ሰው ሄደው አቀፉት። ሱሪውን ስለያዘ ሊያቅፋቸው አልቻለም፤ እንጨት ሆኖ ቆመላቸው። «አለህ» ይሉታል ጀርባውን እየመቱ። «አለህ! ተመስገን! ተመስገን!» ከዚያ ሴትየዋ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና የሳቅም የለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ሰውየው ቀበቶውን አስሮ፣ ዳቦ ጋጋሪ እንደሆነና ሚስቱም ሱቁ ላይ እንደምትሸጥ ነገራቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ምድጃ ዘግተው ተራራ እንደሚወጡ፣ ዘንድሮ ግን ሊሞትበት እንደነበር አከለ።

ልጅቷ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብታ ቦርሳውን እየጎተተች ወጣች። አንዱ ጎማ ከነብረቱ ተቆልምሟል፤ የላይኛው ኪስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀዷል። ፖስተኛው ሽታው ነው መጀመሪያ የደረሳቸው። ያ የሆስፒታል ኮሪደር የሚመስል ሽታ፤ ያ በሕፃን ክንድ ላይ በጥጥ ሲጠርጉት የኖሩት ሽታ። ፊታቸው ላይ የመጣው ሳቅ እዚያው ጠፋ።

ፔርሙዙን አውጥተው ነቀነቁት። ውስጡ የተሰባበረ መስታወት ተንኮሻኮሸ። ካልሲውን ሲፈቱት እርጥብ ነበር፤ ሁለቱም ብልቃጦች ደቀዋል።

«አለቀ» አሉ። «እንመለስ። አሁኑኑ እንመለስ። አውቶቡሱ ሄዷል... ሌላ መኪና ይኖራል። ማታ ምን ትወጊያለሽ? በእጄ እኮ ነው ያቆምኩት፤ በገዛ እጄ...»

«አባዬ።»

«ያን ጊዜ ትንሽ ሆነሽ አንድ ጊዜ እንኳ ረስቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ! አሁን አርጅቼ...»

«አባዬ፣ ስማኝ።» አጠገባቸው ተንበረከከች። ጭቃ የተለቀለቀውን ሹራቧን ገለጥ አደረገችና ወገቧ ላይ ከታሰረች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ አወጣች። አጠገቡ ሌላ መሳይ አለ። «ይኸው። ለዛሬም ለነገም ለከነገወዲያም የሚሆን አለኝ።»

ፖስተኛው መርፌውን ተቀብለው አገላበጡት። ከወደ ብርሃን አድርገው ቀለሙን አዩት። ሙሉ ነው።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ሁልጊዜ እይዘዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ።»

«ኮሌጅ ከገባሽ...» አሉ መርፌውን እየመለሱላት። «እና ተራራ ስንወጣ? ያን ሁሉ ዓመት?»

«ያን ሁሉ ዓመት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «መያዙ ደስ ይልህ ነበር። ዚፑን ዘግተህ መታ መታ ስታደርገው... እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት መሆኑ ምን ይጎዳል?»

ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ ነገሩ የቤተሰብ ነገር መሆኑ ገብቷቸው ወደ ጎን ዞር አሉ። ፖስተኛው የቦርሳውን የተቀደደ ኪስ ይዳብሱ ጀመር። ልጅቷ አባቷ የሚቆጡ መሰላት። እሳቸውም ራሳቸው ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ቁጣውን ቢፈልጉት ቢፈልጉት አጡት። በዚያች ማረፊያ ቤት ባደሩ ቁጥር ሌሊት እየተነሱ ቦርሳውን ዳስሰው ነበር የሚተኙት። አውቶቡስ ላይ እቅፋቸው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። «እኔ አንድ ነገር ብሆንስ? ብወድቅስ? ብረሳስ?» የምትል አንዲት ሐሳብ ነበረች፤ ከሌላው ሸክም ሁሉ ጋር ሆና ትከሻቸው ላይ ስለኖረች ለብቻዋ መክበዷን አስተውለውት አያውቁም። ለካ ቢወድቁም፣ ቢረሱም፣ ልጃቸው ትኖራለች። ለካ ድሮም ትኖር ነበር።

በረጅሙ ተነፈሱ። እንዲያ ያለ ትንፋሽ ከእሳቸው ሲወጣ ልጅቷ ሰምታ አታውቅም።

«እናቴ» አሉ። «አድገሻል እኮ።»

«ቅንድቤ እስኪነጣ» አለች።

መሳቅ ሲጀምሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ትንሽ ሲበርድላቸው ቦርሳውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «እንግዲህ አንዴ እውነት ከተጀመረ አይቀር፣ ይሄን ቦርሳ ከልቤ ጠልቼዋለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ጀርባዬን ገደለኝ። ቢያሸክሙኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ቅቤ ነው አላልክም?»

«አንቺ ገዝተሽው ምን ልበል? መጨረሻ ላይ እንኳ ትንሽ መንገዱን ለመደ።»

«አልለመደም አባዬ። እኔ ነኝ ከኋላ የማነሳው።»

ፖስተኛው አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። «ከየት ጀምረሽ?»

«ከረግረጉ።»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ስገረም ነበር፤ ድንጋይ ሲያይ ይዘላል እያልኩ!»

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጀርባዋን እንደሰጠች እንደገና ፈነዳች፤ ለካ ጆሮዋ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ አራቱም እስኪበቃቸው ሳቁ።

ዕቃውን ተካፈሉት። ከባለጎማው ቦርሳ ልብሱና ምግቡ ወጥቶ ግማሹ ልጅቷ ጋ፣ ግማሹ ሚስትየዋ ጋ ሆነ። የቀረውን ቅርፊት ዳቦ ጋጋሪው ከነጎማው አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለው። «እኔ ልያዘው» አለ፤ «እፊቴ እፊቴ ከሚሄድ አንገቴ ላይ ቢሆን ይሻለኛል። ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ።» ፖስተኛው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መጀመሪያ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው፤ ኪሳቸው ከተቷቸው፣ አወጧቸው፣ ወደ ኋላ አጣመሯቸው። ልጃቸው ደረቅ እንጨት ፈልጋ ምርኩዝ ሰጠቻቸው። የቀረውን ዳገት በጨዋታ ወጡት። አንዳንድ ቦታ ላይ ፖስተኛው ከሁሉም ቀድመው ወጥተው ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ «ምን ታዘግማላችሁ? ሽማግሌ ናችሁ?» እያሉ።

ማረፊያ ቤቱ ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ቤቱ ሰፊ የእንጨት አዳራሽ ነው፤ መሐሉ ላይ የብረት ምድጃ፣ ግድግዳው ጥግ ተደራራቢ አልጋዎች። ልጅቷ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ መርፌዋን ወጋች። አባቷ አልረዱም፣ አልጠየቁም፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ዳቦ ጋጋሪው ያመጣውን ዳቦ ይቆርሱ ነበር። ከጨረሰች በኋላ ብቻ ትልቁን ቁራሽ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ከሌሎቹ መንገደኞች አንዱ ጥግ የቆመውን የተቆለመመ ቦርሳ አይቶ፣ ለእናቱ እንዲህ ያለ ሊገዛ እያሰበ እንደነበር ነገራቸው። «እንዴት ነው? ይጠቅማል?»

«በሚገባ» አሉ ፖስተኛው። «አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ካሰብክ ከዚህ የሚሻል የለም። ወለል ላይ፣ አስፋልት ላይ፣ ገበያ ደርሶ ለመመለስ። እናትህ የሚሄዱት የት ነው?»

«ወደዚሁ ተራራ።»

«እንግዲያው ቦርሳውን ተወውና አንተ አብረሃቸው ና። ዕቃውን አንተ ያዝላቸው፣ እሳቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ይውጡ። እኔ ዛሬ ሞክሬዋለሁ፤ ነፍስ ነው!»

ዳቦ ጋጋሪው ለቦርሳ እጅ የሰጠበትን ታሪክ ለሌሎቹ መንገደኞች ማውራት ጀመረ። በየዙሩ ቦርሳው እየተለቀ፣ ቁልቁለቱ እየረዘመ ሄደ። ፖስተኛው መሐል ላይ ሲያርሙት ሲያርሙት ቆዩና፣ ድምፃቸው ጠፋ። ልጅቷ ዞር ስትል ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ እንደተዘረጉ ናቸው። ቀሰቀሰቻቸውና አልጋቸው ላይ አስተኛቻቸው። ሌሊቱን አንድም ጊዜ አልተነሱም።

ጠዋት ስትነቃ አልጋቸው ባዶ ነው። ደንገጥ ብላ ወጣች። ፖስተኛው ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ፊት ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለው ሸለቆ በጉም ተሞልቷል።

«ጀርባህስ?» አለቻቸው።

«አለ» አሉ። «ትንሽ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።» ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ላይ፣ ሸንተረሩን ተከትላ ወደምትሄድ ቀጭን መንገድ አመለከቱ። «እስከዛሬ በዚያ በኩል ሄደን አናውቅም። ዳቦ ጋጋሪው ወዲያ ማዶ ሐይቅ ይታያል ብሎኛል። ደርሰን ብንመለስ ምን ይመስልሻል?»

«መጀመሪያ ቁርስ» አለች ልጅቷ።

«እሺ» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ግን ቶሎ በይ።»